ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ

ፋብሪካዎችና የሴቶች ማኅበር ተባብረው ባዘጋጁት የቅጥር ፈተና፣ ልብስ ሰፊዎች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ይሰፋሉ፤ መልክ ሳይታይ እጅ ብቻ እንዲዳኝ።

አንዲት ልብስ ሰፊ ግድግዳውን ታክካ ገባች። ሻሿን የሳበችው እሳት በበላው ጉንጯ ላይ ነው፤ በዚያ ጉንጭ የተነሳ ስንቱ ደጅ መልሷታል። የስፌት መኪናውን ስትረግጥ ታንጎራጉራለች። ዜማዋ ርቆ ለቀረ ሰው የሚዜም ይመስላል፤ ምናልባትም ለድሮው ፊቷ።

ከፋብሪካዎቹ የአንዱ አለቃ የሰፋችውን ሸሚዝ እያገላበጡ፣ «እጅሽ ይባረክ! ተቀጥረሻል። በይ ውጪና እንይሽ፣ ልጄ» አሉ።

እሷ ሻሿን ይበልጥ ወደ ጉንጯ ሳበች።

«ጋሼ፣» አለች፣ «መጋረጃውንም አብራችሁ ትቀጥሩታላችሁ?»

ቀልድ መስሏቸው ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ፣ መልስ የሚጠብቅ እስትንፋሷ የመጋረጃውን ጨርቅ ቀስ እያደረገ ያወዛውዘው ነበር።