የእናቴ ቁርጭምጭሚት

እናቴ የወደቀችው በደርግ ዘመን፣ በክረምት፣ አየር ጤና ጉሊት ጎመን ሸጣ ስትመለስ ነው። ቀራንዮ ቤታችን አጠገብ ያለውን ቦይ ስትሻገር ጭቃው አንሸራተታትና ግራ እግሯ ከሥሯ ታጠፈ። ጎረቤቶች ደግፈው ሲያስገቧት ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ቅርጹ ጠፍቶ ነበር።

የሰፈራችን ሽማግሌ ወጌሻ ተጠሩ። በቅቤ እያሹ ዳሰሱትና በቀርከሃ ስንጥር አሰሩት።

"ልጄ፣ ይሄ ወለምታ ብቻ አይመስለኝም። እኔ እስክፈታው ድረስ መሬት እንዳትረግጪበት" አሏት።

እሷም አልረገጠችም። መደቡ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፤ የቤቱን ሥራ እኔ እሠራለሁ። እንዲህ እያለን የአብዮት በዓል ደረሰ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የታናሽ ወንድሜ የክርስትና እናት፣ መጥታ በራችን ላይ ቆመች።

"ለነገው ሰልፍ ማንም እንዳይቀር ተብሏል።"

"በዚህ እግሬ?" አለች እናቴ።

"እኔ ባዝንልሽ ምን ዋጋ አለው? የቀረ ሰው ለአብዮት ጥበቃ ያስረዳል ብለዋል።"

ይህን ስትል የእናቴን እግር አላየችም።

አባቴ ወንድሙ ከቤት ተወስዶ ከቀረ ወዲህ የቀበሌ ነገር ሲነሳ ድምፁ ይጠፋል። በማግስቱ ማለዳ ተንበርክኮ የወጌሻውን እሥር ፈታ፤ የእሷ ጫማ አልገባ ሲል የራሱን አጠለቀላት።

"እኔ ከፋብሪካችን ሠራተኞች ጋር ነው የምሰለፈው፤ ልጅቷን ተደገፊ" አላት።

ተደገፈችኝ። መፈክር ሲባል ግራ እጇን ታነሳለች፤ በቀኟ ትከሻዬን ጨምድዳ ይዛለች። አላለቀሰችም፤ ትንፋሿን ግን ጆሮዬ ሥር እሰማው ነበር። ቤት ስንደርስ ጫማው አልወጣ ብሎ አባቴ በቢላ ቀደደው።

ወጌሻው አይተው፣ "ከእንግዲህ የእኔ እጅ አይችለውም" አሉ።

ሆስፒታል የሄድነው ብዙ ቆይተን ነው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ፣ "አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ ጠሞ ገጥሟል። ለማቃናት እንደገና መስበር ይኖርብናል" አላት።

"አንዴ ይበቃኛል" ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ከዚያ ወዲህ እያነከሰች ቀረች። ጉሊቱ ለእኔ ሆነ፤ ትምህርቴንም ወደ ማታ አዛወርኩ። ብርዱ ሲጠዘጥዛት አባቴ ውሃ አሙቆ እግሯን ያጥባል። ስለዚያ ሰልፍ ግን ሁለቱም አንስተው አያውቁም። አንዳንዴ እጇን ራሱ ላይ ታሳርፋለች፤ እሱ ቀና አይልም።