ለዶክተር ዘይነባ የተቀመጠ ጥንቅሽ

የዶክተር ዘይነባ ሞት ቆቦ የተሰማው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ ለእናታቸው ለእማማ ሐዋ ጥንቅሽ እየላጥኩ ነበር። ሕመማቸው የጥቂት ቀን ነበር አሉ።

እኔ ሰዓዳ እባላለሁ፤ እማማን እረዳለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ ለምታውቋቸው ሁሉ ጻፍኩ።

ዶክተር አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከሰው ጀርባ በመርፌ በሚቀዳ ፈሳሽ ያሉ ፕሮቲኖችን ያጠኑ ነበር። ፈሳሹ አንጎልን ስለሚያጥብ፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት ሕመም ምልክቱን እዚያ ይተዋል ይሉን ነበር። ጎረቤቶች «ወገብ ያሽመደምዳል!» ሲሏቸው መጀመሪያ የራሳቸውን አስቀዱ። «ለማነጻጸር የጤነኛም ያስፈልጋል። ይኸው ወገቤ፤ ማሽላ ልጨድላችሁ?» ብለው አሳቁን።

መርሳት የጀመራቸው እማማም ያኔ ነገሩን ተረድተው፣ ፈቅደው ተቀዱ። ዶክተር ለዒድ ሲመጡ ውጤቱን ጠየቅኳቸው።

«አንደኛው ፕሮቲን ቀንሷል» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ! ሊድኑ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

 ዶክተር እጄን ይዘው ወደ መስኖው ቦይ ወሰዱኝ። «ደለሉ እላይ ከቀረ፣ ታች የሚደርሰው ውሃ ይጠራል። ፕሮቲኑም አንጎል ውስጥ ተጣብቆ ሲቀር ወደ ጀርባ የሚወርደው ያንሳል።»

ለካ መጥፎ ዜና ነው የተደሰትኩበት። አንገቴን ደፋሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዳንቺ ነው ያሰብኩት። ለመጠየቅ ያፈርሽበትን ሁሉ ጻፊልኝ» ብለው ደብተር ሰጡኝ። በየበዓሉ እየመጡ ያነቡት ነበር። መልሱ ሲጠፋቸው ደግሞ «ይኼንንስ እኔም አላውቀው!» ይሉ ነበር፣ ስጦታ እንደተቀበለ ሰው ደስ ብሏቸው።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ሳይነበብ ቀረ። እማማ የልጃቸው ስም ከጠፋባቸው ቆይቷል። የዶክተርን ሞት ነገርናቸው፤ አለቀሱ፤ በማግስቱ ረሱት። ደግሜ ልነግራቸው አልደፈርኩም። ጥንቅሽ በላጥኩ ቁጥር ግን ጣፋጩን አንጓ ለይተው ያስቀምጣሉ።

«ለማን ነው እማማ?»

«ለዚያች ጥያቄ ለምታበዛው።»

ዶክተር፣ ስምዎ ሲጠፋባቸው ጥያቄ ማብዛትዎ የት ተቀምጦ ተረፈ? ደብተሩን ለባልደረቦችዎ ልልከው ነው፤ አላፍርም። አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ። አንጓውን «አደርስላታለሁ» ብዬ ከእማማ ተቀብያለሁ።