ያልተገለጠልኝ የቤተ ልሔም ብራና

እሑድ ጠዋት ነው፣ ቅዳሴ እንዳለቀ... የጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ደጀ ሰላም አጠገብ በሕዝብ ፊት አቁመውኛል። ገበሬው ጋቢውን ደርቦ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የድጓ ተማሪዎች ቅጥሩን ተደግፈው ኢየሩሳሌምን እንድነግራቸው ይጠብቃሉ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ የእስቴ ልጅ፣ በመንግሥት ወጪ ኢየሩሳሌም ተልኬ አራት ዓመት ዕብራይስጥ ተምሬ መመለሴ ነበር። እዚያ ስማር የምሠራው ከሙት ባሕር ዳር፣ ከዋሻ በወጣ የብራና ቁራጭ ላይ ነው። ጥንታዊ የአይሁድ መጽሐፍ ነው፤ ዕብራይስጡ ግን ተበልቶ ተበልቶ ብጥስጣሹ ብቻ ቀርቷል። መጽሐፉን ሙሉውን ያቆየው የእኛ ግዕዝ ነው! የእኔ ቁራጭ መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ እዚያ የነበረው ቃል ምን እንደሆነ አስተማሪዎቼ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። የታተመው ግዕዝ ደግሞ እሷኑ ቦታ ዘሏታል።

«ጋይንት ቤተ ልሔም የመጽሐፉ አንድ የቆየ የግዕዝ ብራና አለ» ሲሉኝ ጊዜ አላጠፋሁም። ከደብረ ታቦር በቅሎ ከነባለቤቱ ተከራይቼ ከነፍኩ። የምፈልገው አንዲት ገጽ ማየት ብቻ ነው። እሷን ካላየሁ ያ ሁሉ ልፋቴ ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ነው።

ሐሙስ ደረስኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ መጀመሪያ ፊታቸውን አጥቁረውብኝ ነበር። የት ተምሬ እንደመጣሁ ስነግራቸው ግን ብድግ አሉ።

«ኢየሩሳሌም! ኧረ ኢየሩሳሌምን ያየ ዓይን!» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱ ሆንኩ።

«አባቴ፣ እኔ ተማሪ ነኝ እንጂ ተሳላሚ አይደለሁም፤ የመጣሁት ለመጽሐፉ ነው» አልኳቸው። ማን ሰምቶኝ!

«ትሕትናቸውን እዩልኝ!» አሉ ዘወር ብለው። «መጽሐፉ የት ይሄዳል? እሑድ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ጎልጎታን ይነግሩናል፤ ከዚያ ማኅበሩ ባለበት አውጥቼ እገልጥልዎታለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያየሁት አይነሣ። የታመመ ሕፃን እያመጡ «እጅዎን ይጫኑበት» ይሉኛል። አንዱ ጎልማሳ «የጎልጎታ አፈር ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ቦርሳዬን ገልብጦ አራገፈና የወጣውን አቧራ በጨርቅ ቋጠረው። «ኧረ የደብረ ታቦር መንገድ አቧራ ነው!» ብል ሰሚ የለም።

መጽሐፉ ያለበት ዕቃ ቤት ደግሞ ካረፍኩበት ጎጆ ፊት ለፊት ነው። በሩን ሳይ እውላለሁ። ባለ በቅሎው «ሰኞ ማለዳ ካልተነሣህ ትቼህ ነው የምሄደው» ብሎኛል።

እሑድ ደረሰልኝ። ከፊት የተቀመጡት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኢየሩሳሌምን ሲመኙ ኖረው እግራቸው የከዳቸው መነኩሲት። መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠየቁኝ።

«እስቲ ይንገሩን... መቃብሩን ሲሳለሙት ይሞቃል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። የተሳላሚ ወሬ እንደሆነ ሞልቶኛል። ግን እኚያን ዓይኖች እያዩ እንዴት ይዋሻል?

«እማሆይ... እኔ አልገባሁም።»

«የት?»

«ጎልጎታ። ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። እኔ የምማረው በአይሁድ በኩል ነበር፤ ጎልጎታ ያለው በዮርዳኖስ መንግሥት በኩል ነው። መሃሉ የሽቦ አጥርና ወታደር ነው። ፈቃድ ብለምን ብለምን ከለከሉኝ። በአይሁዱ በኩል ባለችው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ነበር የምጸልየው።»

«አጥር?» አለ አንዱ ገበሬ ከኋላ። «አጥር ነው ያገደው?» ሳቁበት... ማለቴ ሳቁብኝ።

እማሆይ ግን አልሳቁም።

«የጎልጎታ ደወል ይሰማ ነበር?»

«ይሰማል። ነፋሱ ወደኛ ሲሆን ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«ደወሉን እየሰማህ... አራት ዓመት... እንዴት ቻልከው?»

የተማርኩት ቋንቋ ሁሉ ጠፋኝ። ቄሰ ገበዙን ቀና ብዬ ባያቸው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ እየመለሱ ነው።

«አባቴ፣ መጽሐፉስ?»

«እንግዲህ ልጄ» አሉኝ፤ አንቱታው ቀረ። «ዋሽተኸን ከሆነ ዋሾ ነህ። እውነትህን ከሆነ ግን ይብሳል። ጌታ ደጁ ድረስ አምጥቶ ያላስገባውን ሰው፣ እኔ ማን ነኝና በር የምከፍትለት?»

ደሜ ፈላ። ተከራከርኩ። ከበላይ የተጻፈልኝን ፈቃድ አወጣሁ። ስለ ቀዳዳው፣ ስለጠፋው ቃል አስረዳሁ።

«እግዜር የቀደደውን ልትሰፋ አንተ ምን ቤት ነህ?» ብለው ተነሡ።

ሰዉ ተበተነ። ያ አቧራ የቋጠረው ጎልማሳ እንኳ ፊቴ ጨርቁን ፈቶ አራግፎት ሄደ!

«እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ በጠራራ ፀሐይ ተናግሬ መግቢያ አጣሁ። ማታ እራት መጣልኝ፤ የሚያጫውተኝ ሰው ግን ዝር አላለም።

ሰኞ ማለዳ በቅሎዬ ላይ ሆኜ ዞር ብዬ ደብሩን ሳየው ነገሩ የለመድኩት መሰለኝ። በተማሪነቴ ከኢየሩሳሌም ዳር ካለ ኮረብታ ላይ እየወጣሁ ጌታ የተወለደባትን ቤተ ልሔም ከሽቦው ማዶ የማያት ልክ እንደዚሁ ነበር።

ቀዳዳው ይኸው እስከዛሬ ቀዳዳ ነው። ባሰብኩት ቁጥር እበግናለሁ... በቄሰ ገበዙ ይሁን በዚያ ሽቦ እንጃ። ለእማሆይም የምመልሰው ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

ብቻ ሁለቱንም ቤተ ልሔም አይቻለሁ... ሁለቱንም ከውጭ።