የነቀልኩት አሉማ

የአሉማ ቅጠል የፈላ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ያ የርጥብ አፈር ሽታ ከወጥ ቤቴ ሲመጣ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም ፊቴ በሀፍረት ይግላል።

ሆሳዕና ዳር በነበረው ቤታችን፣ የበልግ ዝናብ ሲጥል እናቴ ከእንሰቱ አጠገብ ያለውን መደብ ቆፍራ፣ ደቃቁን የአሉማ ዘር ከአመድ ጋር ቀላቅላ ትበትን ነበር። ክረምቱ ሲቃረብና እህል ሲያጥር፣ ለጋውን ቅጠል ቀጥፋ፣ እንደ ጎመን ቀቅላ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሳ ከቆጮ ጋር ታበላን ነበር። ለዘር የምትተዋቸውን ሁለት ሦስት እግሮች ግን ማንም አይነካቸውም። እኔ በዚህ ምግብ አፍር ነበር። አንዷ የክፍሌ ልጅ «እናንተ ቤት አረም ነው እንዴ የሚበላው?» ብላ ክፍሉን ሁሉ አስቃብኛለች።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሰኔ ላይ፣ መምህራችን ቅዳሜ ቤታችን እንደሚመጡ ነገሩን። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቅጠሉን ቀጥፋ፣ ቀቅላ አስቀምጣ ገበያ ስትወርድ፣ መምህሩ ጓሯችንን አረም ውጦት እንዳያዩ ብዬ፣ አሉማውን ለዘር የተተወው ሳይቀር ከነሥሩ ነቅዬ ለላሟ ሰጠሁ። እናቴ ተመልሳ ባዶውን መደብ አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የተቀቀለውን ቅጠል በቅቤ ልትለውስ ገባች። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

መምህሩ የቀረበላቸውን አሉማ ሳህኑን ጠርገው በሉ።

«እትዬ፣ እኛ አገር፣ አንጋጫ፣ እናቴ ልክ እንዲህ ትሠራልን ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ቀምሼው አላውቅም። ትንሽ ዘር ይሰጡኛል?» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ የማይቀናትን አማርኛ ቃል በቃል እየለቀመች፣ «መምህር፣ ዘር የለም። በረዶ መታብን፣ ሁሉንም ጨረሰው» አለች።

በበሩ በኩል የእንሰቱ ቅጠል አንድም ቦታ ሳይቀደድ ተንሰራፍቶ ይታያል። መምህሩ እሱን አዩ፣ አንገቴን የደፋሁትን እኔን አዩ፣ ከዚያም «በረዶ ክፉ ነው» ብለው ውሃ ጠጡ።

እናቴ ውሸት የሚወራበት ቤት ቁጭ የማትል ሴት ነበረች። በማግስቱ ዘር ፍለጋ ሌሞ ገጠር ድረስ በእግሯ ሄደች።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ልጄ ብርጭቆ ሲሰብር እንግዳ ፊት ሳይቀር እጮህበታለሁ፤ ከዚያ እናቴ ትዝ ትለኝና ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። እኔ በእሷ ምግብ አፈርኩ፣ እሷ ግን እኔ እንዳላፍር ዋሸች። ይህን እያወቅሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች።