ካምፐሩና ገላጋይዋ

የካምፐር ቧንቧ በዊንተር ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳይፈነዳ የሚሞላው ሮዝ አንቲፍሪዝ ዛሬም ክዳኑ ሲከፈት፣ የሳል ሽሮፕ የመሰለ ሽታው አፍንጫዬን ይመታውና ሲልቨር ስፕሪንግ ወደነበረው አፓርታማችን ጓሮ ይመልሰኛል፤ እጄም ሳላዘው ቡጢ ይጨብጣል።

አባዬና ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ታደሰ፣ አንድ አሮጌ ካምፐር፣ መኝታና ቧንቧ ያለው ባለጎማ ቤት፣ በጋራ ገዝተው ነበር። በሰመር ኖኅ እንኳ ያልደፈረውን ያህል ነፍስ ጭነው ውቅያኖስ ዳር ይወስዱን ነበር፤ ያን ጊዜ እየተጎራረሱ የሚበሉ ወንድማማቾች ነበሩ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን አጎቴ የቧንቧ መፍቻውን ይዞ ከሚኖርበት፣ ከቅርቡ አሌክሳንድሪያ ይመጣና ጦርነቱ ይታወጅ ነበር። አባዬ ቧንቧው በአየር መንፊያው፣ በኮምፕሬሰር፣ ይነፋ ይላል፣ አጎቴ ሮዙ ካልገባበት ሞቼ እገኛለሁ ይላል፤ ከዚያ ባልዲ ይረገጣል፣ መፍቻ ይወረወራል፣ አንገት ይታነቃል። አባዬ ስላሳደገው፣ አጎቴ ታላቁን አንተ ማለት ነውር ስለሆነበት የሚማታው በአንቱታ ነበር።

«ጥርስዎን ባላረግፍልዎ!»

«ያዙኝ!» ይል ነበር አባዬ ሸሚዙን እያወለቀ፣ «ያዙኝ፣ ዛሬ ይሄን ልጅ ቀብሬው ነው የምገባ!»

ጎረቤቶቻችን መጋረጃ ገለጥ አድርገው አይተው ይመልሱታል እንጂ የሚይዝ አልነበረም። ገላጋያችን እናቴ ብቻ ነበረች፤ መሃል ገብታ የሁለቱንም ቡጢ እየቀመሰች ታላቅቃቸው ነበር።

አንድ ዓመት ግን፣ በቀደመው ዓመት ጠብ የተመታ ክርኗ ገና እያመማት፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«ተገዳደሉ፤ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

ሁለቱም የሚይዛቸውን እጅ ጠበቁ። አልመጣም። ወደ ኋላ ማለት ያሳፈረው አጎቴ ሰነዘረ፤ መፍቻው አባዬ ግንባር ላይ አረፈ፣ አባዬም ሲወድቅ የኮምፕሬሰሩን የጎማ ቱቦ አጎቴ አንገት ላይ ጠምጥሞ ይዞት ወደቀ፣ የሮዙ ጀሪካን ተገለበጠ፣ የቱ ደም የቱ አንቲፍሪዝ እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስ ተንከባለሉ። እናቴ ጮኻ ስትደርስ አጎቴ የወንድሙን ግንባር በመዳፉ ደፍኖ «ጋሼን ገደልኳቸው!» እያለ ያለቅስ ነበር።

ያን ዊንተር አጎቴ ከኀፍረቱ የተነሳ ደጃችንን አልረገጠም። ቧንቧውም ሳይነፋም ሳይሞላም ቀርቶ በብርዱ ፈነዳ፤ በስፕሪንግ ስንከፍተው ውሃው የካምፐሩን ግድግዳ ቀዶ ወጣና እናቴን ከነጫማዋ አጠባት። አባዬ ስልኩን አንስቶ «ና፣ ፈንድቷል» አለው። ሌላ የዕርቅ ቃል አልሰማሁም።

አሁን የራሴን ካምፐር አስቀድሜ በአየር ነፍቼ፣ ቀጥዬ ሮዙን ሞልቼ በጸጥታ እጨርሳለሁ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ወንበር ዘርግተው ሁለታችንም ልክ ነበርን ይላሉ። ጠባሳው ግንባሩ ላይ ያለው አባዬ ውስጡን ሊያይ የካምፐሩ ደረጃ ሥር ይደርስና «ያዘኝ» ይላል፤ አጎቴም «ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ» እያለ ይነሳል። ያኔ ሲይዙት ይወራጭ የነበረ ሰውዬ፣ አሁን እስኪይዙት ቆሞ ይጠብቃል።