ላውንጁ ውስጥ ፈቃድ ስጠብቅ

አባቴ በስልክ አውፍ አልልም እንዳሉ ስድስት ዓመት ጸኑ። መካነ ሰላም ውስጥ ስንቱን ልጅ ቁርኣን ያቀሩ ሰው ናቸው፤ አንዴ ካሉ አሉ ነው። እኔ ደግሞ ጅዳ የሄድኩት እሳቸው እንቢ እያሉ፣ ሳልሰናበታቸው፣ ደላላ ተከትዬ ነው። በደወልኩ ቁጥር «አባ፣ አውፍ ይበሉኝ» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነበር። «ይቅርታ ፊት ለፊት ነው ልጄ። ነይና ዓይንሽን እያየሁ እልሻለሁ» ይሉኛል። መምጣቱ በእጄ የሆነ ይመስል!

ከዕለታት ባንዱ ወንድሜ ደወለና «አባ እህል መውሰድ አቁመዋል፤ በሕይወት እንድታገኚያቸው አሁን ድረሺ» አለኝ። አሠሪዬ፣ አላህ ይስጠው፣ በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ። ተራው መቀመጫ ሁሉ ሞልቶ ስለነበር፣ ለሥራ ሲመላለስ ባጠራቀመው የበረራ ነጥብ ቢዝነስ ክላስ ቆረጠልኝ። ከጅዳ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ኮምቦልቻ። ወንድሜ ኮምቦልቻ ላይ ሚኒባስ ይዞ ሊጠብቀኝ፣ በደሴ አድርገን ያንን ኮረኮንች ይዘን ለመግሪብ ሶላት ትንሽ ሲቀረው ቤት ልንገባ ተስማማን።

አዲስ አበባ በጠዋት አረፍኩ። ፓስፖርቴ ላይ ማህተም ተመታ፣ ሻንጣዬን አነሳሁ፣ እየጠየቅኩ ወደ አገር ውስጥ መንገደኞች ተርሚናል ተሻገርኩ። እዚያ ሻንጣዬን የተረከበችኝ ልጅ የመሳፈሪያ ወረቀቴን እየሰጠችኝ «ቢዝነስ ነዎት፤ እስኪሳፈሩ ላውንጅ መግባት ይችላሉ» አለችኝ። ላውንጅ የሚባለውን እንኳን ልገባበት ስሙንም ሰምቼ አላውቅም።

በሩ የመስተዋት ነው፤ ሲጠጉት በራሱ ይከፈታል። አስተናጋጇ ወረቀቴን አየችና ወደ አንድ ሶፋ ጠቁማ «እዚህ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። አረፍኩ። በቃ፣ እዚያው ቀረሁ።

ይህ የሚገባው እኔ እንደኖርኩበት ባለ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ለኖረ ነው። ስድስት ዓመት የውጪው በር ቁልፍ የሚያድረው እመቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። «እዚህ ሁኚ» ከተባልኩ እዚያው ነኝ፣ «ተነሺ» እስክባል። ሳልጠየቅ አላወራም፣ ሳይነገረኝ ደፍ አልረግጥም። መጀመሪያ መጀመሪያ አለቅስ ነበር፤ በኋላ ሰውነቴ ለመደው፤ እኔን የሚያናድደኝም መልመዱ ነው።

ላውንጁ ውስጥ ሻይ፣ ኬክ፣ ጭማቂ ሞልቷል፤ ማንም ውሰጂ ስላላለኝ አልነካሁም። አጠገቤ የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ከጋዜጣው ቀና ሳይል ባዶ ስኒውን ዘረጋልኝ። ተቀበልኩትና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት፤ ተመልሼም ጠረጴዛውን በሶፍት ጠረግኩለት። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ያኔ ግን እንደ ሥራዬ ነበር የቆጠርኩት።

ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የበረራ ሰሌዳ አለ። ማንበብ አቅቷት ነው እንዳትሉኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ኮምቦልቻ ከሚለው አጠገብ መሳፈር መጀመሩን የሚናገረው ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። እግሬ ግን አይነሳም። የሚያስነሳኝ ሰው ይመጣል ብዬ በሩን አያለሁ፤ አስተናጋጇን አያለሁ፤ እሷ ስልክ እያወራች ነው። ስልክ የሚያወራ ሰው ማቋረጥ ደግሞ ጅዳ ምን እንደሚያስከትል እኔ ነኝ የማውቀው።

ወንድሜ ደወለ። «ተሳፈርሽ?»

«አስቀምጠውኛል» አልኩት።

«ማነው ያስቀመጠሽ?»

«እነሱ ናቸዋ!» ብዬ ዘጋሁበት።

በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኜ ተነሳሁና አስተናጋጇ ፊት ቆምኩ። «ልውጣ?» አልኳት።

ሳቀች። ክፋት የለባትም፣ ገርሟት ነው። «እህቴ፣ እኔን ምን ያስፈቅድዎታል? በሩ እኮ ክፍት ነው።»

ሮጥኩ። መሳፈሪያው ጋ ስደርስ ተዘግቷል፤ አውሮፕላኑ በመስተዋቱ ማዶ ይታየኛል፣ ደረጃውን እየወሰዱት ነው። አለቀስኩ፣ ለመንኩ። እዚያ የቆመው ሠራተኛ ሰዓቱን አሳየኝ፤ ሌላ በረራ ያለው ነገ ነው።

በማግስቱ መካነ ሰላም ስገባ ቀብረው ተመልሰዋል። አባቴ ያረፉት በዋዜማው፣ ልክ መግሪብ ላይ ነው። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ እጄን እንደያዘች ነገረችኝ።

«ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ጀምረው አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ አሉ። አውፍታዎን ለኛ ይንገሩን፣ እኛ እናደርስላታለን ብንላቸው፣ እየመጣች አይደል እንዴ፣ ራሴ እላታለሁ አሉ። በሩን እያዩ ማን ያዛት፣ ማን ያዛት እንዳሉ ሄዱ። ማን ያዘሽ ልጄ?»

መንገድ ላይ እውነቱን የነገርኩት ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

«አውሮፕላኑ ዘግይቶ ነው» አልኳት።

እናቴ እስከ ዛሬ አባቴ በተነሱ ቁጥር እጇን ዘርግታ ያንን አውሮፕላን ትረግመዋለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አሚን እላለሁ።