ፀሐይ የመታው ወተት

ትናንት ከሰዓት... ከጫግኒ ወደ ቆሰበር እየወጣን ሳለ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ቅያሪው ጎማም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ በሚያልፍ መኪና ጎማውን ለማስጠገን ላከና እኛ መሀል መንገድ ላይ ቀረን።

እኔ መቼም መቀመጥ አልሆነልኝም። ወረድኩ፣ ገባሁ፣ መንገዱን አየሁ፣ ደግሞ ወረድኩ። እረፍት የነሳኝ ግን ጎማው አልነበረም... ከኋላዬ ያለው ሕፃን ነው። ሁለት ወር ቢሆነው ነው። ያለቅሳል፣ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ እንደገና ያለቅሳል።

እናቱ ለጋ ልጅ ናት። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። እሷ ግን ታወዛውዘዋለች እንጂ አታጠባውም።

«አጥቢው እንጂ የኔ ልጅ» አልኳት።

አጠገቧ የተቀመጡት አማቷ ቀደሟት። «ፀሐይ የመታው ወተት ነው። ከጫግኒ ጀምሮ ስንቃጠል አላየሽም? ይኸን ጠብቶ ሆዱን ቢቆርጠውስ?»

ነገሩን አውቀዋለሁ። በእኛ ዘንድ ብዙ እናት ከገበያ ስትመለስ ፀሐይ የመታውን ወተት አልባ ትደፋና ቀዝቀዝ ብላ ነው የምታጠባው። እኔንም እናቴ እንደዚሁ ብላኛለች። አማት ለመንገዱ የቆርቆሮ ዱቄት ወተትና በፔርሙዝ የፈላ ውሃ ይዘው ነበር። ውሃው አለቀ... ጎማ ይፈነዳል ብሎ ማን አሰበ?

«ወንዙ እዚህ ሥር ነው፣ ውሃ ላምጣ» አለ ሾፌሩ።

ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ነው! «ከዚያ ቀድታችሁ ከሰጣችሁትማ ዛሬውኑ ተቅማጥ ይዞት ነው የሚያድረው» አልኩ።

«እናፈላዋለን» አለ።

«በምን?»

አንዱ ተሳፋሪ መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ አሳየን። ባለቤቱ የለም። ሌላው ደግሞ የወተቱን ቆርቆሮ ዱቄቱን ገልብጠን እንጣደው አለ።

ከዚህ በኋላ አፌን መያዝ አቃተኝ። «አንድ ጡጦ ለመሙላት ወንዝ ተወርዶ፣ የሰው ከሰል ተፈትቶ፣ ቆርቆሮ ተጥዶ... ነገ ደግሞ ያ ቆርቆሮ ከወንዙ ዳር ተጥሎ ይገኛል። እዚያች ልጅ ደረት ላይ እኮ ወተቱ ሞቆ፣ ተመጥኖ ተቀምጧል! እንጨት አይፈጅ፣ ቆሻሻ አይጥል፣ ማፍያ አይል። ለልጁም ከበሽታ መከላከያው እሱ ነው። ጤና ጣቢያ ስድስት ወር ድረስ ውሃም አይቅመስ የሚሉን ወደው ነው?»

«ጤና ጣቢያ ፀሐይ የለም» አሉ አማት።

«እማማ፣ ላም አለዎት?»

«አለኝ። ምነው?»

«ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲጠብሳት ውላ ማታ ስትገባ፣ ወተቷን ደፍተው ነው ጥጃውን የሚለቁላት?»

ሚኒባሱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«አንች ሴትዮ፣ የልጄን ልጅ ከጥጃ ታስተካክይብኛለሽ?»

«ጥጃውስ ጠግቦ ያድራል፣ እማማ» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ጎማህን ጠብቅ» አሉት።

ከዚያማ ሁሉም ገባበት። አንዱ እናቴ ከማሳ ስትመለስ እንዳላባት ነበር የምታጠባኝ ይላል፣ አንዷ ለዚህ ነዋ እንዲህ የከሳኸው ትለዋለች። አማት ወንዝ ይወረድ ይላሉ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይወረድም እላለሁ። በመሀል የራሴ ድምፅ ብቻውን ሲያስተጋባ ሰማሁት... የሕፃኑ ለቅሶ የለም።

ዞር አልን። ልጅቱ ነጠላዋን ተከናንባለች፤ ከነጠላው ሥር ጉልቅ ጉልቅ የሚል ድምፅ ይመጣል።

«እናንተ እስክትስማሙ ብጠብቅ ልጄ ሊያልቅብኝ ነው» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ሁላችንም አማትን አየን። እሳቸው ነጠላውን አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና በእሷና በእኛ መሀል ዘረጉት። «ዞር በሉ! ልጁን በዓይናችሁ ልትበሉት ነው?» ብለው ቆጡን። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለምራታቸው ብቻ... «በዚያኛውም አጥቢው»።

እኔ ደስታዬ ልክ አጣ፤ ቤቴ እስክገባ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ክርክሩን የረታሁ መስሎኝ እኮ ነው... የረታችውስ ዝም ብላ የቀሚሷን ቁልፍ የፈታችው ናት።